ሳልሞንና የዝግባ ጢስ

ዌልደን ራውቲዮ የልጁን ሳል መቁጠር ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ማታ ማታ እራት ተበልቶ ሳህን ሲታጠብ ይጀምራታል። መጀመሪያ አንዴ፣ እንደ ዘበት፣ ጉሮሮዋን የምትጠርግ መስላ ታስላለች። ቀጥሎ ሁለቴ። ከዚያ ያቺ አጭር፣ ደረቅ፣ አክታ የሌላት ሳል ትከታተላለች፤ ዌልደንም ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ አንድ መስመር ሳያነብ ይቆጥራል። ትናንት ዓርብ አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ሚስቱ ማርሊስ «ብርድ መቷት ነው፤ በዚህ ዝናብ ኮት ልበሺ ብላት አሻፈረኝ ብላ» ትላለች። ዌልደን ግን ብርድ አለመሆኑን ያውቃል። እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚያስለው፤ ልዩነቱ እሱ ጓሮ ወጥቶ፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተደብቆ ማሳሉ ብቻ ነው።

ሆኩዊያም ወንዝ ዳር ካለው የዝግባ መሰንጠቂያ ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ መጋዝ ፊት ቆሞ የቀይ ዝግባ ግንድ እየሰነጠቀ የጣሪያ ክዳን ሲያወጣ ኖሯል። በዚያ አገር የመጋዝ ሰው የሚታወቀው በጎደለው ጣቱ ነው። ዌልደን ለመጋዙ የሰጠው የትንሿን ጣቱን ግማሽ ብቻ ስለሆነ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። የዕድሜ ልክ ጓደኛው ሆባርት ቢራውን የሚይዘው በቀሩት ሰባት ጣቶቹ ነው። የመሰንጠቂያው ሰዎች ሲሰበሰቡ «ስምንት ሰው፣ ሰባ አንድ ጣት ተኩል» እያሉ ይሳሳቃሉ። መጋዝን ሁሉም ይፈራል፤ ይታያል፣ ይጮኻል፣ ደም ያፈሳል። ሰጋቱራን የሚፈራ ግን የለም። ሰጋቱራ ሽታው ደስ ይላል። ብል እንዳይገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ይነሰነሳል። ማርሊስ ራሷ ባሏን ያገባችው ሸሚዙ ዝግባ ዝግባ ስለሚል እንደሆነ ለሰው ሁሉ ታወራለች።

ዌልደን በአገሩ ስም ያተረፈው ግን በመጋዙ ሳይሆን በዓሣው ነው። ከውዳቂው ክምር ውስጥ ጉጥ የሌለውን፣ ቃጫው ቀጥ ብሎ የወረደውን ዝግባ ይመርጥና የጣት ውፍረት ያለው፣ የክንድ ርዝመት የሆነ ጣውላ ያወጣል። በየዓመቱ መስከረም ሳልሞን የተባለው ዓሣ ወንዙን ሽቅብ መውጣት ሲጀምር የመሰንጠቂያውን ሰዎች ጓሮው ይጋብዛል፤ ጣውላዎቹንም በዋዜማው ጨው ባለው ውኃ ይዘፈዝፋል፤ እንዳይንሳፈፉም ከላያቸው ድንጋይ ይጭናል። በማግስቱ መጀመሪያ ባዶውን ጣውላ ክዳን ባለው የከሰል ምድጃ ላይ ያስቀምጣል። ጣውላው መንጣጣት ሲጀምር ይገለብጠውና በጋለው ፊቱ ላይ ዓሣውን በቆዳው በኩል ያስተኛዋል። ሰናፍጭ፣ ቡናማ ስኳር፣ ትንሽ ጨው፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። የዝግባው ጢስ እዚያው ውስጥ እየዞረ ዓሣውን ያበስለዋል። ያንን ክዳን ሳይፈቀድለት የከፈተ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም።

ያለፈው መጋቢት ነው ነገሩ የተበላሸው። ዌልደን «የመኪና ዕቃ ልገዛ ነው» ብሎ ማርሊስን ዋሽቶ ኦሎምፒያ ድረስ ነዳ፤ የሚያውቀው ሰው የማይገኝበት ሐኪም ቤት ፈልጎ ገባ። ሐኪሙ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነበር። ሦስት ጊዜ ቱቦ ውስጥ አስነፋው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዝግባ እሰነጥቃለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ችግሩ የቀይ ዝግባ ብናኝ ነው አለው። አንዳንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢስበው ምንም አይሆንም፤ አንዳንዱን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይይዘዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ በጥቂት ወር። አንዴ ከያዘ ቅንጣቷም ትበቃዋለች። ቶሎ ሥራውን የተወ ይድናል። እምቢ ብሎ የቆየ ሰው ግን ኋላ ቢተወውም ትንፋሹ ተመልሶ አይመጣም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ነግሮት በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት አዘዘለት። ዌልደን መድኃኒቱን ከጓሮው ዕቃ ቤት ባለው የመንጠቆ ሳጥኑ፣ መንጠቆ ከሚያሰጥሙት የእርሳስ ጠጠሮች ሥር ቀበረው። ሰኞ ጠዋት መጋዙ ፊት ቆመ። ለማንም አልተናገረም። ከተናገረ እውነት ይሆናል ብሎ ፈራ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው!

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሱ ጣጣ ነበር። በግንቦት ግን ልጁ ኮሪን ሲያትል የምትሠራበት ሱቅ ተዘጋና ጓዟን ይዛ መጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስፖኬን ካለችው አክስቷ ዘንድ ልሂድ እያለች ስታስብ፣ ማርሊስ እራት ላይ «ዌልደን፣ እዚያው ከአንተ ጋር አታስገባትም? ማሸጊያው ላይ ሰው ይፈልጋሉ አላልክም?» አለችው። አይሆንም ቢል «ለምን?» ይባላል። የ«ለምን» መልሱ ደግሞ የመንጠቆ ሳጥን ውስጥ ነው። ልጁም ቤት ብትቀርለት ደስ ይለው ነበር፤ ይህም አለ። «እሺ» አለ። ሐኪሙ «በጥቂት ወር» ያለውን ረስቶት አይደለም። ለእኔ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶ የለ እንዴ ብሎ ራሱን አታለለ። ዌልደን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ከፈሪ አባት ጋር የኖረ ሰው ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያውቀዋል።

እና ይኸው አሁን ልጅቱ ታስላለች። ልንገራት ብሎ አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ ዝናቡ ያወራል። ከነገራት መቼ እንዳወቀ ትጠይቃለች። ከዚያ ወሩን ትቆጥራለች፤ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ካልነገራት ደግሞ በየሰኞው ጠዋት ምሳዋን ይዛ አጠገቡ መኪና ውስጥ ትገባለች፤ በየቀኑ ያንን ብናኝ ትስባለች፤ ትንፋሿ ከዚያ ወዲያ የማይመለስበት ቀን ያልፋል፤ የትኛው ቀን እንደሆነም ማንም አያውቅም። አብልጦ የሚፈራው ትንፋሿ እንዳይጠፋ ነው ወይስ ፊቷን እንዳያይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱ አስጠልቶት ተወው።

የዓሣው ግብዣ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ያን ጠዋት አንድ ዘዴ ዘየደ፤ ዘዴ ከተባለ። መሰንጠቂያውን ማስቆም አልቻለም፤ ቢያንስ ጓሮው ውስጥ የዝግባ ጢስ አይኑር አለ። ወንዝ ዳር ከወደቀ የአልደር ዛፍ ሁለት ጣውላ አወጣ። በአልደር ፍንካች ዓሣ የሚያጥን ሰው ሞልቷል፣ ነውር የለውም። የዌልደን ራውቲዮ ዓሣ በአልደር ጣውላ ላይ መተኛቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ልቡ የቆረጠው ዘግይቶ ስለነበር ጣውላዎቹ ውኃ የገቡት ጠዋት ነው፤ ገና ልባቸው ድረስ አልራሱም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሆባርትና አምስት የመሰንጠቂያው ሰዎች መጡ። ዝናቡ አባርቷል። ሆባርት ገና የጓሮውን በር ሳያልፍ ቆሞ አየሩን አሸተተ።

«ዌልደን፣ መጋዝ ጣቴን እንጂ አፍንጫዬን አልበላውም እኮ። ይሄ ምንድን ነው?»

«አልደር ነው።»

«ምን አልክ?»

«አልደር። ለለውጥ ብዬ ነው።»

«ለለውጥ!» ሆባርት ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሠላሳ ዓመት ዝግባ ሲሰነጥቅ ኖሮ በአልደር ይጠብሳል! ማርሊስ፣ ይሄን ባልሽን ሐኪም አሳይተሽዋል?»

ሁሉም ሳቀ። ዌልደንም ሳቀ።

«ተወው በቃ ሆቢ፣» አለች ኮሪን ሳህኖቹን ደረቷ ላይ ተሸክማ። «አባዬ አርጅቷል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በመጥበሻ ያቀርብልህና ታርፋለህ።»

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከዓሣው ጋር!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሳል ገባበት። አራት። ዌልደን ቆጠረ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመችና ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ዌልደን ሎሚ ሊያመጣ ወጥ ቤት ገባ። እውነቱን ለመናገር ሎሚ አልፈለገም፤ ፊቱን ከሰው ማዞር ፈልጎ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ውኃውን እያየ ቆመ። ከውጪ ጫጫታ ተነሣ፤ «ተቃጠለ! ጣውላው ተያያዘ!» ይላሉ። በደንብ ያልራሰ ጣውላ ከዳሩ መንደድ ይጀምራል፤ የሚጠበቅ ነው። ውኃ አርከፍክፎ ማጥፋት ይቻል ነበር። ሆባርት ግን ደግ ሰው ነው፤ የደግ ሰው ጥድፊያ አያድርስ። ሮጦ ከመኪናው ሁለት ጣውላ አመጣ። ዓምና ዌልደን ራሱ በእጁ ልጎ፣ ወረቀት ጠቅልሎ የሰጠው ነው። ደረቅ ዝግባ። የሚቃጠለውን አልደር በመቆንጠጫ ጎትቶ ጣለና ዝግባውን ከሰሉ ላይ አጋደመው፤ ዓሣውንም ከነቆዳው አንሥቶ አዛወረው። ክዳኑ እንደተከፈተ ነው።

ዌልደን ሳያይ ሸተተው። ያ ሽታ የእናቱ ቁም ሣጥን፣ የሠርጉ ሸሚዝ፣ ወጣትነቱ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ፀጉሩን አቆመው። ሎሚውን ጥሎ ወጣ።

ጢሱ ነጭና ወፍራም ነበር። ኮሪን መሃሉ ላይ ናት፤ ሆባርትን ልርዳ ብላ ጎንበስ ብላ በካርቶን ታራግባለች።

«ኮሪ! ዞር በይ ከዚያ!» ብሎ ጮኸ።

ቀና አለች። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቃል አልወጣም። ሳሉ መጣ፤ አላባራም። ዌልደን አልቆጠረም፤ የሚቆጠር አልነበረም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ወጡ። ከዚያ ሳሉም ቆመና ፉጨት ተተካ፤ በበር ቀዳዳ እንደሚገባ ንፋስ ያለ ቀጭን ፉጨት።

«አጥንት ነው! አጥንት ሰንቅሯት ነው!» ብሎ ሆባርት ጀርባዋን መደብደብ ጀመረ።

«ዓሣው ገና ሳይበላ አጥንት ከየት ይመጣል አንተ ሰውዬ!» አለች ማርሊስ እጁን ገፍትራ። «ኮሪ! ኮሪዬ፣ እይኝ! አምቡላንስ ጥሩ፣ ምን ትገተራላችሁ!»

አንዱ ስልክ አወጣ። አምቡላንሱ ከከተማ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። የኮሪን ከንፈር አመድ መስሏል። ዓይኖቿ ከሰው ሰው ይዞራሉ፤ ከዚያ አባቷ ላይ ቆሙ። ልጅ ሆና ጥልቅ ውኃ ውስጥ እግሯ መሬት ሲያጣ እንዲህ አይታው ታውቃለች። ያኔ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ ነበር። አሁን ዕቃ ቤቱ ሃያ እርምጃ ነው። የሚያድናት ነገር እዚያ አለ፤ የሚያዋርደውም ያው ነው። ዌልደን ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ በኋላ ሲያስበው ሁልጊዜ ይረዝምበታል፤ ሁለት ሴኮንድ ይሆናል፣ ሦስት ይሆናል። ግን ቆሟል።

ከዚያ ሮጠ። የመንጠቆ ሳጥኑን መሬት ላይ ገለበጠው። መንጠቆ አውራ ጣቱ ላይ ተሰካ፤ አልተሰማውም። የራሱም ትንፋሽ እየተቆራረጠ መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰና ከልጁ ፊት ተንበረከከ።

«ኮሪ፣ ያለሽን አየር አስወጪ። ሁሉንም። እ... አሁን በከንፈርሽ ግጥም አድርጊው። ስጭነው ሳቢ። ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ... ያዢው። እንዳትለቂው፣ ያዢው የኔ ልጅ። አሁን ልቀቂ።»

አራግፎ ደገመላት። ደግሞ ሌላ። እጁ ሥራውን ያውቃል። ስድስት ወር ለብቻው ከእንጨት ክምር ኋላ ተለማምዶታል። ማርሊስ አጠገባቸው ቆማ ያንን የለመደ እጅ ታየው ነበር።

ፉጨቱ ቀጠነ። ትከሻዎቿ ጥቂት በጥቂት ወረዱ። ሆባርት ባልዲ ሙሉ ውኃ ምድጃው ላይ ከለበሰው፤ ከሰሉም፣ ዝግባውም፣ ዓሣውም ጭስስ ብለው ጠፉ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ከንፈሯ ቀልቷል። ሁለቱ የአምቡላንስ ሰዎች ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉ፣ ደረቷን አዳመጡ፣ ጥቂት ኦክስጅን ሰጧት። አሁን ደህና ናት፣ ጢስ የሚባል ነገር አይድረስባት፣ ከባሰባት ወዲያው ደውሉ፣ ሰኞ ግን ሐኪም ሳታይ እንዳትውል ብለው ሄዱ። እንግዶቹም ሳህን እንኳ ሳይነኩ አንድ በአንድ ወጡ። ሆባርት ወደ ኋላ ቀረና በሩ ላይ የዌልደንን ክንድ ያዘ።

«አላወቅኩም ዌልደን። በእግዜር።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ነገር... ያ አፏ ላይ ያደረግክላት፣ ለምንድን ነው?»

«ለዝግባው ነው፤ ለብናኙ።»

ሆባርት በውኃ ወደ ራሰው ዝግባ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሚስቴ ስተኛ ታፏጫለህ ትለኛለች» አለ። የሚቀልድ መስሎት ዌልደን ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ወጥ ቤት ሲገባ እናትና ልጅ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠዋል። ኮሪን ብርድ ልብስ ተከናንባለች። መድኃኒቱን በእጇ እያገላበጠች ታየዋለች፤ ጎኑ ላይ ያለው የፋርማሲው ወረቀት ተላልጧል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

«ራውቲዮ፣ ዌልደን፣» ብላ አነበበች። ድምፅዋ ሻካራ ነው። «መጋቢት አሥራ አራት።»

ማርሊስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ ግንቦት ነው የገባሁት፣» አለች ኮሪን።

ዌልደን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህን ደቂቃ ሲፈራ ከርሞ ሲመጣ ፍርሃቱ ይቀልለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። አውራ ጣቱ ላይ ያለው መንጠቆ አሁን ይጠዘጥዘው ጀመር። ሁሉንም ነገራት፤ ኦሎምፒያን፣ ቱቦውን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ የመንጠቆ ሳጥኑን። ማርሊስ አንዴ «ዌልደን!» አለች። ኮሪን እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«እያወቅክ አስገባኸኝ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«መናገሩን። ከዚያ አንቺ ማሳል ስትጀምሪ ደግሞ... አንቺን። እንዲህ የምታይኝን።»

«እኔ ብርድ ነው ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ አንተ ጋዜጣ ይዘህ እዚህ ተቀምጠህ ነበር።»

«አዎ።»

የምታለቅስ መስሎት ነበር። አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱን አጥብቃ ያዘችና እንደ ሕፃን ፈራ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«አሁን ብወጣ ይመለሳል? ትንፋሼ?»

«ቶሎ የወጣ ይድናል ብሏል።»

«ቶሎ ማለት ስንት ነው? አራት ወር ቶሎ ነው?»

ዌልደን መንጠቆውን ከአውራ ጣቱ መንቀል ጀመረ።

«አባዬ፣ አራት ወር ቶሎ ነው ወይ?»

«አልጠየቅኩትም፣» አለ ዌልደን። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቶሎ አይደለም እንዳይለኝ ፈርቼ ሳልጠይቀው ወጣሁ።»

ማርሊስ ተነሥታ ስልኩን አነሣችና ወደ ኦሎምፒያው ሐኪም ቤት ደወለች። የተቀዳ ድምፅ መለሰላት። እስከ መጨረሻው አዳምጣ ስልኩን ዘጋች።

«ሰኞ ትነዳለህ፣» አለች ኮሪን አባቷን ሳታየው። «እኔ አልጠይቅም። አንተ ነህ የምትጠይቀው፤ በአፍህ፤ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ። ስለ እኔ ከጠየቅክ በኋላም ስለ ራስህ ትጠይቃለህ።»

ገና ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሐኪም ቤቱ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው።